ድምፁ አልቆም ያለ ፒያኖ፦ ከፔዳሉ ነው ወይስ ከማፈኛው?

ሐዋሳ ላይ ክረምት ሲገባ ስልኬ የሚጠራው ለአንድ ጉዳይ ነው። «ጋሼ፣ ፒያኖው አልዘጋ አለ።» ጣት ከቁልፉ ከተነሣ በኋላም ድምፁ ይቀጥላል፤ ኖታው ከኖታ ይጋባል፤ መዝሙሩ ገንፎ ይሆናል። እኔም የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሁሉም ቁልፍ ነው ወይስ አንድ ሁለቱ?

ሁሉም ከሆነ ከላይ አትፈልጉ። የታችኛውን የፊት ሰሌዳ የያዘችውን ሞላ ወደ ላይ ገፋ አድርጋችሁ ሰሌዳውን አውጡና ባትሪ አብሩበት። የቀኙ ፔዳል ሲረገጥ ማንሻውን ያንቀሳቅሳል፣ ማንሻው የእንጨቱን ዘንግ ወደ ላይ ይገፋል፣ ዘንጉ ደግሞ ማፈኛዎቹን፣ ማለትም ሽቦው ላይ አርፈው ድምፁን የሚያቆሙትን፣ በሙሉ በአንድ ጊዜ ከሽቦው ያርቃል። ዘንጉ ማንም ሳይረግጠው ትንሽ ከፍ ብሎ ከቆመ፣ ፒያኖው ቀን ከሌት ፔዳሉ እንደተረገጠ ነው።

ከፍ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ የሰው እጅ ነው። ዘንጉ የሚያርፍበት ፌልት (የተጨመቀ የሱፍ ጨርቅ) ወይም ቆዳ በዕድሜ ይሳሳል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ «ትንሽ አውቃለሁ» የሚል ሰው ይመጣና የፔዳሉን ክፍተት የምታስተካክለውን ባለጆሮ ዳዶ እስክትጨርስ ያጠብቃታል። በበጋ ይሠራለታል። ክረምት ሲመጣ እንጨቱና ፌልቱ እርጥበት ጠጥተው ያብጣሉ፤ ቀድሞም ያልነበረ ክፍተት ከየት ይምጣ?

ዳዶዋን ሁለት ዙር ፍቱ። ድምፁ ከቆመ ጥፋቱን አግኝታችኋል። ከዚያ የፔዳሉን ጫፍ በጣት ቀስ እያላችሁ ተጫኑ፤ ማፈኛዎቹ ከመንቀሳቀሳቸው በፊት ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር በነፃ መውረድ አለበት። የሳሳውን ደግሞ ቀይሩት። ከጫማ ሰፊ የተገኘ ወፍራም ቆዳ ይበቃል። ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ከነጠላ ጫማ የተቆረጠ ስፖንጅ በሱፐር ግሉ ተለጥፎ አገኘሁ። ስፖንጁ በረገጡት ቁጥር ይሟሽሻል፤ እነርሱም በየወሩ ዳዶዋን ያጠብቃሉ። ፍቄ ለማስለቀቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ የሠራው ሰው አጠገቤ ቆሞ «ግን እኮ ይዞ ነበር» ይለኛል!

ዳዶዋ ልቅ ሆና ማፈኛዎቹ ካላረፉ ማንሻው ሥር እጃችሁን ስደዱ። ታቦር ተራራ ግርጌ ባለ አንድ ቤት አይጥ ጎጆዋን እዚያው ሠርታ፣ አንድ የበቆሎ ቆረቆንዳ የማንሻውን የኋላ ጫፍ ደግፎ ይዞት ነበር። የቤቱ እመቤት «አርጅቷል ብዬ ልሸጠው ነበር» አሉኝ።

አንድ ቁልፍ ብቻ ከሆነ ማፈኛውን በጣት ወደ ሽቦው ጫን አድርጉት። ድምፁ ወዲያው ከቆመ ማፈኛውን የሚመልሰው ሞላ ደክሟል፣ ወይም ማፈኛው የሚታጠፍበት ማጠፊያ በእርጥበት ተጣብቆ መመለሱን አዘግይቷል። ሞላው ይተካል፤ የተጣበቀው ማጠፊያ ስፒሉ ወጥቶ ቀዳዳው በጥንቃቄ ይሰፋል። ተጭናችሁትም የሚያንጎራጉር ከሆነ ፌልቱ ደርቋል ወይም ማፈኛው ከሽቦው መስመር ወጥቷል። የማፈኛውን ሽቦ በፒንሳ ማጣመም ልምድ ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ከታች ባሉት ኖታዎች አትሞክሩት፤ የሚሰማው እዚያ ነው።

ፔዳሉ ሲጢጥ ካለ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት (ግራፋይት)። ዘይት ግን አይሆንም። የስፌት መኪና ዘይት፣ የሞተር ዘይት፣ ግራሶ፣ አንዱም አይሆንም። ወደ ፌልቱ ይሰርጋል፣ አቧራ ይስባል፣ ከዓመት በኋላ ሙጫ ሆኖ ይጠብቃችኋል። አንዴ ዘይት የጠጣ ማጠፊያ አይታጠብም፤ ይቀየራል እንጂ።

የግራው ፔዳል ሽቦውን የሚመቱትን መዶሻዎች ወደ ሽቦው ካላስጠጋ ዘንጉ ከቦታው ወድቆ ይሆናል፤ መልሳችሁ አቁሙት። የመካከለኛው በብዙ ፒያኖዎች በመዶሻዎቹና በሽቦው መካከል ጨርቅ ያወርዳል፤ ድምፁ ሁሉ የታፈነ ከሆነ ጨርቁ ሳይነሣ ቀርቷል።

በላይኛው ጫፍ ያሉት 20 ገደማ ቁልፎች ደግሞ ማፈኛ የላቸውም። ፒያኖው ሲሠራም አልነበራቸውም፤ ስለ እነርሱ አትደውሉልኝ።