በኔዘርላንድስ የቡድን ጉዞ ላይ፣ በዝናብ ቀን ብስክሌት ለመንዳት

በኔዘርላንድስ የቡድን ሽርሽር ላይ ሳሉ ዝናብ ቢጥል ጉዞውን ከመሰረዝ ይልቅ ማሳጠር ይሻላል፤ ከመነሣትዎ በፊት ግን ቡይንራዳር በተባለው የዝናብ መከታተያ መተግበሪያ ዶፉ የሚያባራበትን ሰዓት ይመልከቱ። የሚያልፉባቸውን የብስክሌት መንገድ መገናኛዎች ቁጥር በቅደም ተከተል በወረቀት ጽፈው፣ በላስቲክ ሸፍነው መሪው ላይ ያያይዙት፤ የስልክ ስክሪን ለእርጥብ ጣት አይታዘዝም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የአምስተርዳም የትራም ሐዲድ ነው። ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያሟልጫል፤ ጎማውም ሐዲዱ ውስጥ ገብቶ እንዳይቀረቀር በተቻለ መጠን ከሐዲዱ ጋር መስቀለኛ ሆነው፣ ፍሬን ሳይዙና መሪ ሳያዞሩ ይሻገሩት። ቸርኬውን ጨምቆ የሚያቆም ፍሬን ውኃው እስኪጠረግለት ድረስ በደንብ ስለማይዝ፣ ከፊትዎ ካለው ሰው ጋር ያለዎትን ርቀት በደረቅ ቀን ከሚተዉት እጥፍ ያድርጉት። መብራት በቀንም ይብራ።

የደከመ ካለ አያስገድዱት፤ በባቡር ይመለስ። ብስክሌት የራሱ ትኬት እንደሚያስፈልገውና በሥራ ቀናት የጥድፊያ ሰዓት፣ ከጁላይና ከኦገስት በስተቀር፣ በአብዛኛው እንደማይፈቀድ ግን አስቀድመው ይንገሩት።

ማረፊያ ሲደርሱ ሰንሰለቱን በጨርቅ አድርቀው ዘይት ይቀቡት፤ የራሰ ጫማ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቀው ያሳድሩ።