ስማርት ዋች ልትገዙ ነው? ሰው እየተሳሳተ የሚያመጣብኝን ልንገራችሁ

ደብረ ማርቆስ ላይ ሞባይል እጠግናለሁ፣ ከተወሰነ አመት ወዲህ ደግሞ ከስልኩ እኩል ስማርት ዋች መምጣት ጀምሯል፣ ቻርጅ አልቀበል ያለው፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀው፣ ከስልኬ ጋር አልገናኝ አለኝ የሚባለው። ከፍቼ ሳየው አብዛኛው ሰዓቱ ተበላሽቶ ሳይሆን መጀመሪያውኑ ሳይጠየቅ የተገዛ ነው። ሰው ደግሞ በየቀኑ "ይሄ ነገር ብር ቢወጣበት ያዋጣል ወይ?" ይለኛል። ያዋጣል፣ ግን ለሁሉም ሰው አይደለም፣ ምን እንደሚሰራላችሁና ምን እንደማይሰራላችሁ ለይታችሁ ከገዛችሁት ነው፣ ካልሆነ በወሩ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚገባው።

ከሁሉም የሚያስፈራኝን ላስቀድም፣ እሱም በርካሽ ስማርት ዋች የደም ግፊት መለካት ነው። ሌላው ስህተት ብር ነው የሚያስወጣችሁ፣ ይሄኛው ግን ሰው ይጎዳል። በኔ ቤት ስለደረሰ ነው እንዲህ የምለው።

እናቴ ቢቸና ነው የምትኖረው፣ ግፊት አለባት፣ በየቀኑ ጠዋት ኪኒን ትወስዳለች። ለፋሲካ ስሄድ 2500 ብር ገደማ አውጥቼ አንድ ሰዓት ገዛሁላት፣ ካርቶኑ ላይ የልብ ምት፣ ኦክስጅን፣ ግፊት፣ ስኳር ሳይቀር ይለካል ተብሎ ተጽፏል። ደስ ብሏት አሰረችው፣ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ይለካ ነበር። ሁለት ወር ገደማ ቆይቼ ስደውልላት "ልጄ፣ ሰዓትህ በየቀኑ ደህና ነሽ ይለኛል እኮ፣ ኪኒኑንማ ተውኩት" አለችኝ። እንቅልፍ ሳይወስደኝ አድሬ በማግስቱ ሄድኩና ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፣ ነርሷ በክንድ ማሰሪያው ስትለካት 170 በ 100 ሆነ። ሰዓቱ እዛው እጇ ላይ ስለነበር ተጫንኩት፣ 119 በ 77 አለ። እኔ አሰርኩት፣ 118 በ 76። ነርሷም አሰረችው፣ 120 በ 78። ሶስት ሰው፣ አንድ ግፊት! ምን ያህል እንደደነገጥኩ በቃል አልነግራችሁም፣ የገዛሁላት እኔ ነኝና።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ማወቅ ይጠቅማል። ሰዓቱን ገልብጣችሁ ጀርባውን ስታዩት አረንጓዴ መብራት ይበራል አይደል፣ ደም አረንጓዴ ብርሃን ይመጥጣል፣ ልብ በመታ ቁጥር አንጓችሁ ላይ ያለው ደም ከፍ ዝቅ ስለሚል ተመልሶ የሚመጣው ብርሃንም ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሰዓቱ እሱን ይቆጥርና የልብ ምት ይላችኋል። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው፣ በደንብም ይሰራል። ግፊት ግን ደሙ የደም ስሩን ምን ያህል እየገፋ ነው የሚለው ነው፣ ጤና ጣቢያ ያለው ማሰሪያ ክንዳችሁን ጨምቆ ቀስ እያለ የሚለቀው ለዚህ ነው፣ መብራት ደግሞ አይጨምቅም። ሳምሰንግ እንኳን በሰዓቱ ግፊት ለመገመት በየ28 ቀኑ በእውነተኛው የክንድ መለኪያ አስተካክሉት ይላል። ሁዋዌ ዋች ዲ የሚባለው ደግሞ ማሰሪያው ውስጥ በአየር የሚነፋ ነገር አለው፣ ስለዚህ እሱ የምር ይጨምቃል፣ ዋጋውም እንደዛው ነው። ከዛ ውጪ ያ ሁለት ሺ ምናምን ብር የምትገዙት ሰዓት ግፊት ብሎ የሚያወጣውን ቁጥር በቃ እንዳላያችሁት እለፉት።

ስኳርም ያው ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በየካቲት ወር 2024 በፈረንጆቹ ቆዳ ሳይበሳ በራሱ ስኳር እለካለሁ የሚል ሰዓትም ሆነ ቀለበት አትጠቀሙ፣ እኛ የፈቀድነው አንድም የለም ብሎ አስጠንቅቋል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በሰዓት ቁጥር መጠኑን ቢወስን ምን እንደሚሆን አስቡት። እባካችሁ እናትና አባት ያላችሁ ስጦታ ስትገዙ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፣ ብሩ ካላችሁ የክንድ መለኪያውን ግዙላቸው።

የልብ ምቱን ግን መፈተን ቀላል ነው፣ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ አንገታችሁ ላይ ሁለት ጣት አድርጋችሁ 30 ሰከንድ ቁጠሩና በሁለት አባዙት፣ ሰዓቱ የሚለው ከዛ ጋር ከተቀራረበ ጥሩ ነው፣ በጣም ከራቀ መልሱለት።

ቀጥሎ ብዙ የማየው ስልክን ሳያዩ መግዛት ነው። አንድ የፍኖተ ሰላም ልጅ ወንድሙ ከአሜሪካ አፕል ዋች ላከለት፣ እውነተኛ፣ አዲስ፣ ታሽጎ። ልጁ የያዘው ቴክኖ ነው። አፕል ዋች ደግሞ ያለ አይፎን አይከፈትም፣ ምንም ብታደርጉ ከአንድሮይድ ጋር አይገናኝም፣ እኔም ምንም ላደርግለት አልቻልኩም፣ በመጨረሻ አይፎን ለያዘ ሰው ሸጠው። በተቃራኒው ደግሞ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ዋች 4 ጀምሮ፣ ማለትም በፈረንጆቹ ከ2021 ወዲህ የወጡት፣ ከአይፎን ጋር አይሰሩም። እንደ ሻኦሚ ባንድ፣ አማዝፊት፣ ሁዋዌ ያሉት ከሁለቱም ጋር ይሰራሉ። ስለዚህ ዘመድ ልላክልህ ሲላችሁ አታፍሩ፣ የያዛችሁትን ስልክ ሞዴሉን ንገሩት።

ሌላው እዚሁ ላይ፣ መጀመሪያ ስትከፍቱት ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ አፑን ማውረድ አለ፣ አካውንት መክፈት አለ፣ አፕዴት አለ። በኛ በኩል ዳታ ለወራት ጠፍቶ በነበረ ጊዜ ሰዓት ተልኮላቸው አንድ ቀን ሳይከፍቱት ያስቀመጡ ሰዎች አውቃለሁ። ገጠር ላለ ሰው ስትወስዱለት ዋይፋይ ያለበት ቦታ በሱ ስልክ ላይ ሁሉንም ጨርሳችሁ ስጡት።

ደግሞ "ቴክስት ሲገባልኝ አይነዝርም፣ ተበላሽቷል" እያላችሁ የምትመጡ አላችሁ። አልተበላሸም፣ ቴክኖና ኢንፊኒክስ ላይ በጣም የሚያጋጥም ነው፣ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ የሰዓቱን አፕ ከጀርባ ይዘጋዋል። ሴቲንግ ገብታችሁ ለዛ አፕ የባትሪ ገደቡን አንሱለት፣ በራሱ እንዲነሳም ፍቀዱለት፣ አለቀ። ለዚህ ብር አትክፈሉ፣ ለኔም ቢሆን።

ስሙን አይቶ መግዛትስ። አልትራ የሚል፣ ሲሪየስ 8፣ ሲሪየስ 9 የሚል፣ ብርቱካናማ ማሰሪያ ያለው፣ ከሩቅ አፕል የሚመስል ሰዓት ሞልቷል። ኮፒ መግዛት ነውር ነው አላልኩም፣ ኮፒ መሆኑን አውቃችሁ በኮፒ ዋጋ ከገዛችሁት የናንተ ምርጫ ነው፣ የሚያሳዝነኝ በኦሪጅናል ዋጋ ኮፒ የሚገዛው ነው። መለያው ቀላል ነው፣ እውነተኛው አፕል አይፎኑ ላይ ባለው በራሱ ዋች በሚባለው አፕ ነው የሚገናኘው፣ ኮፒው ግን ማኑዋሉ ላይ ኪውአር ኮድ አለ፣ እሱን ስካን አድርገህ ይሄን አፕ አውርድ ይላል። ያ አፕ ደግሞ ኮንታክታችሁን፣ ሜሴጃችሁን፣ ያላችሁበትን ቦታ ሁሉ ፍቀድልኝ ይላል፣ እርምጃ ለመቁጠር ይሄ ሁሉ ለምን ያስፈልገዋል? የባንክ ሜሴጅ የሚገባበት ስልክ ላይ እኔ አልጭንም።

ባትሪ ላይ እንምጣ፣ መብራት ለሚጠፋበት አገር ይሄ ዋናው ነገር ነው። የመደበኛው አፕል ዋች ባትሪ ራሱ ካምፓኒው የሚለው ለብዙ አመት 18 ሰዓት ነበር፣ በፈረንጆቹ 2025 የወጣው ሲሪየስ 11 ላይ ነው 24 ያለው፣ በቃ በየማታው ቻርጅ ይፈልጋል ማለት ነው። መብራት ማታ ጠፍቶ ጠዋት ከመጣ እጃችሁ ላይ ጥቁር መስታወት አስራችሁ ትወጣላችሁ። ሻኦሚ ባንድ አይነቶቹ ግን እንደ ሞዴሉ 14 ቀንና ከዛ በላይ ነው የሚባሉት፣ ስክሪኑን ሁልጊዜ ካበራችሁት ይቀንሳል፣ ግን ቢቀንስም መብራት መጣ አልመጣ ብላችሁ አትጨነቁም። ለኛ ኑሮ እኔ የምመርጠው እሱን ነው፣ ያምራል አያምርም ሌላ ነገር ነው።

ቻርጀሩን ደግሞ እንደ ሰዓቱ ጠብቁት። የርካሾቹ ቻርጀር ባለ ሁለት ፒን ማግኔት ነው፣ ሁሉም አንድ ይመስላል ግን አይደለም፣ በሁለቱ ፒን መሀል ያለው ርቀት አንዳንዱ 4 ሚሊ ሜትር ነው፣ አንዳንዱ 2.84፣ ከጠፋ ተመሳሳዩን ማግኘት ፈተና ነው። ሰዓቱን ሳትወስዱ ቻርጀር ልትገዙ አትሂዱ። ቻርጅ አልቀበል ሲልም ወዲያው አትደንግጡ፣ ብዙ ጊዜ ላብና ቆሻሻ ነው ፒኑ ላይ የተጋገረው፣ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። ቻርጀሩ ሶኬት ላይ እያለ ማግኔቱ ሳንቲም ወይ ቁልፍ እንዳይስብ ተጠንቀቁ፣ ሾርት ያደርጋል።

ውሃ። "ዋተርፕሩፍ ነው" ተብሎ ጣና የገባ ሰዓት ስንት እንደመጣልኝ! አይፒ 68 የሚለው የውሃ መከላከያ ደረጃ በንጹህ ውሃ፣ ለተወሰነ ደቂቃ፣ ረጋ ባለ ሁኔታ የተፈተነ ነው፣ ለዋና አይደለም። ለዋና ቢያንስ 5 ኤቲኤም የሚል መሆን አለበት፣ እሱም 50 ሜትር ጠልቃችሁ ውረዱ ማለት ሳይሆን እቃው ዝም ብሎ ተቀምጦ ያን ያህል ጫና ይችላል ማለት ነው። ሙቅ ሻወርና ሳሙና ደግሞ ለሁሉም ጠላት ነው፣ ውሃ የሚከለክለውን ጎማ ያላላዋል፣ እንፋሎቱም ይገባል። ጠበል ስትጠመቁ፣ ጥምቀት ላይ ውሃ ሲረጭ፣ አውልቃችሁ ኪስ ውስጥ አድርጉት፣ ከገባበት በኋላ ብዙውን ማዳን አልችልም።

እርምጃ ቆጠራው ላይ ሰው በጣም ይጨነቃል፣ 10,000 ካልሞላሁ ብሎ ማታ ግቢ ውስጥ የሚዞር አለ። ይሄ ቁጥር የመጣው በፈረንጆቹ 1965 ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ ከቀረበ ማንፖ ኬ ከሚባል እርምጃ መቁጠሪያ ነው፣ ትርጉሙ በግርድፉ የአስር ሺ እርምጃ መቁጠሪያ ማለት ነው፣ የእኛው አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶን በደገመ በዓመቱ። የገበያ ስም ነበር፣ የሐኪም ትእዛዝ አይደለም። ሰዓቱም እግራችሁን አያይም፣ የሚያየው የእጃችሁን መወዛወዝ ነው። አጎቴ በሬ ጠምዶ ሲያርስ ውሎ ማታ ሳየው የቆጠረለት የአንድ ቢሮ ሰራተኛ ያህል እንኳን አይሆንም፣ ለምን ቢባል እጁ እርፉ ላይ ነው የዋለው፣ እጅ ካልተወዛወዘ አይቆጥርም። ባጃጅ ውስጥ ስትንገጫገጩ ደግሞ ሊቆጥርላችሁ ይችላል። ካሎሪውማ ግምት ነው፣ በሱ ምግብ አትቀንሱ። ትናንት ከነበራችሁበት ዛሬ ጨምራችኋል ወይ የሚለውን ለማየት ግን ጥሩ ነው።

ሰዓቱ የሚለካው የደም ኦክስጅንም ላይ አጭር ነገር፣ ባህር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ነው፣ ማርቆስ ወደ 2400፣ ጮቄ ስትወጡ ከ4000 ያልፋል፣ ከፍ ባላችሁ ቁጥር ኦክስጅኑ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው፣ እጃችሁ ከቀዘቀዘም ሰዓቱ ይሳሳታል። ትንፋሽ ካጠራችሁ ግን ሰዓቱን ትታችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ሳይጠየቅ የሚገዛ ሌላው ነገር አማርኛ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ሰዓቶች ፊደላችንን አያውቁም፣ እናታችሁ በአማርኛ ስትጽፍላችሁ አራት ማዕዘን ሳጥን ተደርድሮ ነው የምታዩት። ብር ከመክፈላችሁ በፊት እዛው ሱቁ ውስጥ ከስልካችሁ ጋር አገናኙና በሌላ ስልክ "ሰላም" ብላችሁ ላኩ፣ ሳጥን ካወጣ ለናንተ ግማሹ ጥቅም የለም ማለት ነው። ሰዓት አቆጣጠሩም የፈረንጅ ነው፣ ከስልኩ ነው የሚወስደው፣ እንደ ድሮው የእጅ ሰዓት አዙራችሁ 3 ሰዓት ላይ አታደርጉትም። የስልኩን ታይም ዞን ስድስት ሰዓት ወደኋላ ወዳለ አገር፣ ለምሳሌ ወደ ቦነስ አይረስ፣ የሚቀይሩ አሉ፣ ቁጥሩ የኛ ይሆናል ግን የስልኩ ቀንና ቀጠሮም አብሮ ይዛባል፣ እኔ አልመክርም።

የሰዓት አቆጣጠሩን ችግር በእናቴ አየሁት። ያን ሰዓት ወሰድኩና የክንድ መለኪያ ገዛሁላት፣ ከሱ ጋር ባትሪው የሚቆይ ቀጭን ባንድ ጨመርኩ፣ ለኪኒኗ ብቻ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንዲነዝራት ሞላሁት፣ ስክሪኑ ላይ 8:00 ስለሚል ግን እሷ 8 ሰዓት ብላ አንብባ ከምሳ በኋላ ነው ብላ ሁለት ቀን አሳለፈችው። አሁን ቁጥሩን አታይም፣ ሲነዝራት ትውጣለች፣ ስልኩ ባይኖርም ባንዱ ራሱ ይነዝራል። እህቴ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በክንድ መለኪያው እየለካች ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ ሐኪም ቤት ይዘውት የሚሄዱት ደብተሩን ነው። ትናንት ጠዋት ደወልኩላት፣ ገና ሰላምታ ሳልጨርስ "ቆየኝማ ልጄ፣ ነዘረኝ" ብላ ስልኩን አስቀምጣ ውሃ ልትቀዳ ሄደች።