ሻጩ የሰብሳቢ ፈቃድዎን አልቀበልም ሲል፦ በአሜሪካ አሮጌ ጠመንጃ ለሚገዙ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የጦር ግምጃ ቤቶች የወጡ ውጅግራ የሚባሉ የፈረንሳይ፣ ቬተርሊና ካርካኖ የሚባሉ የጣሊያን ጠመንጃዎች በአሜሪካ ገበያ በመታየታቸው፣ እዚህ ከምንኖር ወገኖች አንዳንዶቻችን የአሮጌ ጠመንጃ ሰብሳቢዎች ሆነናል። ሠላሳ ዶላር ከፍሎ ለሦስት ዓመት የሚያገለግለውን፣ አሮጌ መሣሪያ ለግል ስብስብ ለመግዛት የሚያስችለውን የፌዴራል የሰብሳቢ ፈቃድ ያወጣ ሰው ታዲያ ብዙ ጊዜ ሳይቆይ የሚገጥመው ነገር አለ፤ ሻጩ ፈቃዱን አይቶ “ይህን አንቀበልም፤ መሣሪያውን የምንልከው ለነጋዴ ብቻ ነው” ይለዋል።

ከመከራከርዎ በፊት ለሚገዙት ዕቃ ፈቃድ የሚያስፈልግ መሆን አለመሆኑን ይለዩ። በ1968 የወጣው የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራን ጠመንጃ “ጥንታዊ” ብሎ ከጦር መሣሪያ ትርጉሙ ውጭ አድርጎታል። ዓድዋ በ1896 ስለሆነ፣ በዚያ ሜዳ የተተኮሰ ጠመንጃ ሁሉ በዚህ ሕግ ዓይን ጥንታዊ ነው። ስለዚህ በ1878 ለተሠራ ውጅግራ (ስሙ “ፉዚ ግራ” ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ በእኛ አፍ ተለውጦ የቀረ ነው) የፌዴራሉ ሕግ ምንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ሻጩም የሰብሳቢ ፈቃድዎን ወደ ጎን ቢያደርገው ያጠፋው ነገር የለም።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የሞዴሉ ዓመትና የተሠራበት ዓመት መምታታቱ ነው። ካርካኖ “ሞዴል 1891” ይባላል፤ ነገር ግን እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ሲሠራ የቆየ በመሆኑ፣ እጅዎ የሚገባው በ1938 የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ጥንታዊ አይደለም። ስለዚህ የሻጩን ማስታወቂያ ብቻ አይመኑ፤ በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ዓመትና የፋብሪካ ስም በጉልህ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ይጠይቁ።

የሰብሳቢ ፈቃድ የሚሠራው ከ1898 በኋላ ለተሠሩትና ቢያንስ ሃምሳ ዓመት ለሞላቸው መሣሪያዎች ነው። ባለፈቃዱ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ከሌላ ግዛት ገዝቶ፣ በፈቃዱ ላይ ወደተመዘገበው አድራሻ በቀጥታ ማስላክ ይችላል፤ ነጋዴ ሲሸጥለትም የተለመደው የገዥ ቅጽና የጀርባ ታሪክ ማጣራት አያስፈልግም። ሰደፉ ተቆርጦና አካሉ ተለውጦ የአደን መሣሪያ የተደረገ ጠመንጃ ግን በዕድሜው ብቻ በዚህ መብት ውስጥ አይገባም፤ በዚህ ረገድ የሻጩ ጥንቃቄ ተገቢ ነው።

ሻጩ እምቢ የሚልበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከአለማወቅ ይመነጫል። እኔ አንድ ጊዜ በስልክ ያነጋገርሁት ሻጭ የፈቃዴን ቁጥር እያነበበ አራተኛው ክፍል ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ “03? የእኛ እኮ 01 ነው” አለኝ። ያ ክፍል የፈቃዱን ዓይነት የሚያመለክት መሆኑን፣ 01 ነጋዴ፣ 03 ደግሞ ሰብሳቢ ማለት እንደሆነ አስረድቼው ነገሩ በአሥር ደቂቃ አለቀ። እንዲህ ላለው ሰው በእርስዎ እጅ የተፈረመ የፈቃድ ቅጂ፣ መሣሪያው መቼ እንደተሠራ የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ፣ እንዲሁም ለግል ስብስብዎ እንጂ ለንግድ እንደማይገዙት የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ይላኩ። የቁጥሩን የመጀመሪያ ሦስትና የመጨረሻ አምስት አሃዞች በፌዴራሉ የአልኮል፣ ትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና ፈንጂዎች ቢሮ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ማጣራት እንደሚችልም ይንገሩት፤ ከክርክር ይልቅ ይህ ያሳምነዋል።

ሌላው ምክንያት የግዛት ሕግ ነው። የፌዴራል ፈቃድ የግዛቱን ሕግ አያስቀርም፤ እንደ ካሊፎርኒያና ኒው ጀርሲ ባሉ ግዛቶች የሚኖር ገዥ የራሱን ግዛት ደንብ አስቀድሞ ካላነበበ፣ ወደዚያ አልልክም የሚለውን ሻጭ መውቀስ አይገባውም። የመኖሪያ ሁኔታም ይታሰብበት፦ ቋሚ ነዋሪ ፈቃድ ማውጣት ሲችል፣ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር የጦር መሣሪያ መያዝ አይፈቀድለትም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሻጩ አሁንም አልቀበልም ካለ፣ የሚያስገድደው ሕግ የለም። ለማን እንደሚሸጥ የመወሰን መብት የእርሱ ስለሆነ፣ ቁጣና ዛቻ የሚያመጡት ነገር ቢኖር በሚቀጥለው ጊዜ በር መዝጋት ነው። ያኔ መሣሪያው በሰፈርዎ ባለ ባለፈቃድ ነጋዴ በኩል እንዲመጣ ያድርጉ። የአገልግሎት ክፍያውን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ርካሽ ካርካኖ ላይ ይህ ክፍያ ሲጨመር ግዢው አዋጭ መሆኑ ሊቀር ይችላልና፣ እኔ እንዲህ ባለ ጊዜ ሌላ ሻጭ መፈለግን እመርጣለሁ።

በፈቃድዎ የገዙት ጠመንጃ እጅዎ ሲገባ፣ ከመወልወልዎና ለጓደኛ ከማሳየትዎ በፊት መለያ ቁጥሩን ከደረሰኙ ጋር ያመሳክሩ፤ ከዚያም የተረከቡበትን ቀን፣ የሻጩን ማንነት፣ የሠሪውንና የአስመጪውን ስም፣ ሞዴሉን፣ መለያ ቁጥሩንና የጥይቱን መጠን በሰብሳቢ መዝገብዎ ላይ ይጻፉ። ከ1898 በፊት የተሠራው ውጅግራ በዚህ መዝገብ እንዲገባ ሕጉ አያስገድድም።