እከክና ኤችአይቪ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ካላሳከከኝ እከክ አይደለም» ማለት። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ማሳከኩ የሚመጣው ሰውነት እከክ ለሚያመጣው ተባይና ለእንቁላሉ ስለሚቆጣ ነው። የመከላከል አቅም በጣም ሲዳከም፣ ሲዲ4 የሚባሉት በሽታ ተከላካይ የደም ሴሎች ቁጥር ሲያሽቆለቁል፣ ቁጣው ይበርዳል። ተባዩ ግን ይራባል። በተለመደው እከክ አንድ ሰው ላይ የሚገኘው ተባይ ከ10 እስከ 15 ቢሆን ነው። ቅርፊታማ በሚባለው ከባድ ዓይነት ግን ሺዎች፣ አንዳንዴም ሚሊዮኖች ይሆናል። መዳፍ፣ ክርን፣ የራስ ቆዳ፣ ጥፍር ሥር ሳይቀር ወፍራም ግራጫ ቅርፊት ይይዛል፤ ይሰነጣጠቃል። ብዙ ጊዜ «ችፌ ነው» ተብሎ ይታለፋል። በስንጥቁ ባክቴሪያ ከገባ ደም እስከ መመረዝ ይደርሳል።

ያገኙትን ቅባት መለቅለቅም አለ። ስቴሮይድ (የቆዳ ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበት ቅባት ለጊዜው እፎይ ያሰኛል፤ ምልክቱን ደብቆ ተባዩን ያፋፋል እንጂ አያድንም።

አንዴ ተቀብቶ መተው። የእከክ ተባይ የሚገድለው ቅባት፣ ፐርሜትሪን 5 በመቶ፣ ከ8 እስከ 14 ሰዓታት ያህል ገላ ላይ ይቆያል። ከሳምንት በኋላ ይደገማል። በመሃል እጅዎን ከታጠቡ እጅዎን እንደገና ይቀቡ። ቅርፊታማው በቅባት ብቻ አይለቅም፤ ሐኪም አይቨርሜክቲን ክኒን በተደጋጋሚ ያዛል፣ ፊትና ራስም ይቀባል። ከታከሙ በኋላ ማሳከኩ እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል ቶሎ ተስፋ አይቁረጡ።

ለብቻ መታከም ድካም ብቻ ነው። መጀመሪያ የተያዘ ሰው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ምንም ላይሰማው ይችላል። እናም አብሮ የሚኖር ሁሉ በአንድ ቀን ይታከም። አንሶላና ልብስ በፈላ ውሃ ይታጠብ፤ የማይታጠበው ላስቲክ ውስጥ ታስሮ ቢያንስ 3 ቀን ይቀመጥ።

«መድኃኒቱ ነው ያመጣብኝ» ብሎ ፀረ ኤችአይቪውን ማቋረጥ። በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሰውነት መከላከያ ሲነቃ ተደብቆ የቆየ የቆዳ ችግር ሊብስ ይችላል። በራስዎ አያቁሙ፣ ለሐኪም ይንገሩ። ሽፍታው ከትኩሳትና ከአፍ ቁስል ጋር ከመጣ ግን ለመድኃኒቱ አደገኛ ምላሽ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ።

ከእከክ ሌላ ያለን ችግርም በሐፍረት መደበቅ። አፍንጫ ውስጥ የማይድን፣ የሚደማ ቁስል በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ቁንጭር ሊሆን ይችላል፤ ኤችአይቪ ላለበት ሰው ደግሞ ማገርሸት ይወዳል። ሽታ ያለው የብልት ፈሳሽም በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ትሪኮሞናስ ሊሆን ይችላል። ለሴቶች የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም በቀን 2 ጊዜ ለ7 ቀን ነው። ወንዱ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። እሱ ካልታከመ በሽታው ሊመለስ ይችላል።