ዘው አለ ወይስ ከች አለ?

የተማሪዎቼን ድርሰት ሳርም እስክሪብቶዬ ቶሎ ቶሎ የሚያርፈው «በድንገት» ላይ ነው። በድንገት ገባ፣ በድንገት ተነሣ፣ በድንገት ወጣ። ስሕተት የለውም፤ ግን ሰውየው እንዴት እንደገባ አያሳየኝም።

ሳያንኳኳ የገባ ሰው «ዘው አለ» ነው የሚባለው። ያልተጠበቀ እንግዳ ግን «ከች አለ» ወይም «ዱብ አለ»። ዘው ማለት ውስጥ ድፍረት አለ፤ ከች ያለውን ሰው ግን እልል ብለን ልንቀበለው እንችላለን። ይህን ልዩነት በጣም እወደዋለሁ! ከተቀመጠበት በአንዴ ከተነሣ «ብድግ»፣ ደንግጦ ከሆነ «ብርግግ»፣ ማንም ሳያየው ከወጣ «ሹልክ»። ሌላ ግስ ካስከተላችሁ «አለ»ን ወደ «ብሎ» ቀይሩት፦ «ብድግ ብሎ ወጣ»፣ ለሴት «ብድግ ብላ ወጣች»። እዚህ ላይ «በድንገት» መጨመር ትርፍ ነው።

ለዜናና ለማመልከቻ ግን «በድንገት» ይሻላል።

ጥድፊያ ሌላ ጉዳይ ነው። «በፍጥነት ጻፈችው» ስትሉ ቶሎ ጨረሰች ማለታችሁ ነው። «በችኮላ ጻፈችው» ካላችሁ ግን አንባቢው ሳታስብበት ቀርታለች ብሎ ይጠረጥራል። «ወዲያው» ደግሞ ከፊቱ የሆነ ነገር ይፈልጋል፦ «ስልኩ እንደጠራ ወዲያው አነሣችው»።