የውሃ ጠብታ መቼ በረዶ ይሆናል? በዕድል ስሌት እንዴት እንደሚለካ

ውሃ በ0 ዲግሪ በረዶ ይሆናል ተብለን ነው ያደግነው። በ0 ዲግሪ የሚቀልጠው በረዶው ነው እንጂ ውሃው ወዲያው የመርጋት ግዴታ የለበትም። ቴርሞሜትር ሠሪው ፋረንሃይት ይህንን እ.ኤ.አ. በ1724 ጽፎታል። ንጹሕና በጣም ትንሽ ጠብታ እስከ 38 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ሳይረጋ ይቆያል። ለመርጋት ጥቂት ሞለኪውሎች በአጋጣሚ ተሰልፈው የበረዶ ዘር መሥራት አለባቸው። ስለዚህ አንዷን ጠብታ መቼ ትረጊያለሽ ማለት ከንቱ ነው። ብዙ ጠብታ ደርድሮ መቁጠር ይሻላል።

ደሴ ውስጥ ወጥ ቤት ይበቃል። ማታ ፍሪጅ ውስጥ በረዶ ሥሩ፣ መብራት ካልሄደ ጠዋት ይደርሳል። ፈጭታችሁ በሳፋ ሦስት እጅ በረዶ ከአንድ እጅ የአፍዴራ ጨው ጋር ቀላቅሉ። ከላዩ ጥቁር ስስ ትሪ አስቀምጡና በስሱ ቫዝሊን ቀቡት። በሲሪንጅ 40 እኩል ጠብታዎች አራርቃችሁ ጣሉበት፣ ቦታቸውንም ወረቀት ላይ በቁጥር ሳሉ። ጨው እንዳይነካቸው ተጠንቀቁ። በጠራ ፕላስቲክ ሸፍኑት፣ አለበለዚያ ከአየሩ የሚመጣው ውርጭ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ቴርሞሜትሩ ትሪው ላይ ይሁን። ሁሉም ባንዴ ከረጉ ጨው ቀንሱ።

የመርጋቷ ቅጽበት ግልጽ ነው፤ ብርጭቆ የምትመስለው ጠብታ ድንገት ነጭ ትሆናለች።

በየ5 ደቂቃው ያልረጉትን ቁጠሩ፣ ለ40 አካፍሉ፣ በካልኩሌተር ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝሙን (ln የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ) አውጡና ከሰዓቱ ጋር ነጥብ በነጥብ ሳሉ። ነጥቦቹ ቀጥ ያለ መስመር ከሠሩ ጠብታዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የመስመሩ ቁልቁለት ደግሞ የመርጋት ፍጥነቱ ነው። ለምሳሌ በ10 ደቂቃ 40ው 20 ከሆነ ፍጥነቱ በደቂቃ 0.069 ነው። ቀጣዩ 10 ደቂቃ 10 ያህል ያስቀራል እንጂ ባዶ አያደርገውም። 20 ደቂቃ ሳትረጋ የቆየች ጠብታ የመርጋት ዕድሏ ከመጀመሪያው አይጨምርም። ብዙ ሰው የማይዋጥለት ይሄ ነው። ዘሩ ከውሃው ውስጥ ከሆነ የጠብታውን መጠን እጥፍ ብታደርጉ ፍጥነቱም እጥፍ ይሆናል።

በቧንቧ ውሃ ግን መስመሩ ብዙ ጊዜ ይጎብጣል፦ መጀመሪያ ይሮጣል፣ ኋላ ይዘገያል። አንዳንዷ ጠብታ ለዘር የሚመች አቧራ ይዛለች፣ ሌላዋ የላትም። በግድ አታቅኑት፤ ለእያንዳንዷ የራሷን ፍጥነት የሚሰጥ ስሌት ተጠቀሙ። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጠብታዎቹን ሳትነኩ አቅልጡና እንደገና አርጓቸው። ያው ቁጥሮች ቀድመው ከረጉ አቧራው ነው፤ ተራው ከተቀያየረ ዕድል ነው።