«ልጅ ምን ያውቃል?» እያልን የምንሠራቸው ስህተቶች

የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ከአያቱ ጋር ወደ ቢሮዬ ሲገባ የቀሚሳቸውን ጫፍ ጨምድዶ ይዟል። «እናቱ ቤይሩት ከሄደች አራት ወር ሆናት፤ እሱ ግን ምንም አልመሰለው። አንድ ቀን እንኳ አላለቀሰም። ልጅ አይደል፣ ምን ያውቃል?» አሉኝ። ያመጡት በሌላ ጉዳይ ነበር። ሌሊት ሌሊት አልጋውን ትቶ፣ ብርድ እየመታው፣ በሩ ሥር ይተኛል።

«እማማ፣ እናቱ ስትሄድ ተሰናብታዋለች?» አልኳቸው።

«እንዴት ተደርጎ! እንዳያለቅስ ብለን ተኝቶ እያለ ነው ያወጣናት።»

ልጁ ከዚያች ሌሊት የተማረው ነገር ግልጽ ነው፤ ሰው የሚሄደው እኔ ስተኛ ነው። ስለዚህ በሩን ይጠብቃል።

በትምህርት ቤት አማካሪነት በሠራሁባቸው ዓመታት በብዛት ያየሁት ስህተት ይህ ነው፤ ተደብቆ መሄድ። የልጁን ለቅሶ የሚያስቀር ይመስለናል፤ የሚያስቀረው ግን እኛ ለቅሶውን ማየታችንን ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ የማኅበራዊ ሥራና የሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያ፣ ለንደን ውስጥ ለስምንት ቀን ሆስፒታል የተኛች የሁለት ዓመት ሕፃን በፊልም ቀርጾ ነበር። በዚያ ዘመን ወላጅ ልጁን መጠየቅ የሚችለው ለአጭር ጊዜ ነው። ነርሶቹ ዝም ያለውን ልጅ «ለመደ» ይሉት ነበር። ሮበርትሰን ያሳየው የዚህን ተቃራኒ ነው። ልጅ መጀመሪያ ይጮሃል፤ ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ በመጨረሻ እናቱ ስትመጣ እንኳ ፊቱን ያዞርባታል። ከዝምታው ጀርባ ያለው መልመድ ሳይሆን ተስፋ መቁረጥ ነው ማለት ነው። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች የጥየቃ ደንባቸውን የለወጡት ከዚህ በኋላ በተነሣው ክርክር ነው።

ወደ ዐረብ አገር የምትሄድ እናት መሄዷ ስህተት ነው አልልም፤ ኑሮ ነው። ነገር ግን ከቀናት በፊት ልትነግረው ይገባል። ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ትምህርት ቤት ማን እንደሚያደርሰው፣ ልብሱን ማን እንደሚያጥብለት ይወቅ። «ነገ እመጣለሁ» የሚባል ውሸት አይነገር። በየሳምንቱ እሑድ መደወል የምትችል ከሆነ እሑድ ትበል፤ የማትችል ከሆነ ቀን አትቁረጥለት። ነጠላዋን ትታለት ብትሄድም መልካም ነው፤ ልጅ በእናቱ ጠረን ይጽናናል። ካለቀሰም ያልቅስ፤ የሚያባብለው ሰው አጠገቡ እስካለ ድረስ ለቅሶ አይጎዳውም።

ሁለተኛው የዚሁ ወንድም ነው፤ ሞትን መደበቅ። ለአዋቂ ሰው መርዶ የሚነገረው በወግ ነው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የሚደግፍ ሰው ግራና ቀኝ ተዘጋጅቶ። ልጁ ግን ጎረቤት ይላካል፤ «አባትህ ለሥራ ራቅ ወዳለ አገር ሄዷል» ይባላል። በግቢው ድንኳን ተተክሏል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፤ እናቱ ድምፅዋ ተዘግቷል። ይህን ሁሉ በዓይኑ ያየ ልጅ አልሰማም ማለት ራስን ማታለል ነው። አንድ ጊዜ ሦስት ልጆች እቃቃ ሲጫወቱ ቆሜ አይቻለሁ። አንድ እንጨት በጨርቅ ጠቅልለው አስተኝተዋል፤ ሁለቱ ደረት እየመቱ ያለቅሳሉ፤ ሦስተኛዋ «ዝም በሉ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ!» ትላለች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሞትን እንደሚመለስ ጉዞ ሊያየው ይችላል፤ መመለስ የሌለበት መሆኑን አብዛኞቹ የሚረዱት ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ስለዚህ ቃሉ ያጠረና እውነተኛ ይሁን፤ «አባትህ ሞቷል። ሰውነቱ መሥራት አቁሟል፤ ከእንግዲህ አይመጣም። አንተ ባደረግኸው ነገር አይደለም።» የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር እንዳትረሳ፤ ልጆች ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ይጭናሉ። «አንቀላፍቷል» ማለት ደግሞ እንቅልፍን ያስፈራል። «እግዚአብሔር ስለወደደው ወሰደው» የተባለች አንዲት ልጅ፣ እግዚአብሔር እንዳይወዳት ብላ መጸለይ አቁማ ነበር።

ስለ አልጋ ማርጠብ ስናገር እቆጣለሁ፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። ፍራሹን አሸክሞ ሰፈር ማዞር፣ በታናናሾቹ ፊት ማዋረድ፣ መግረፍ አሁንም አልቀረም። ሕክምናው ራሱ ልጅ አምስት ዓመት ሳይሞላው ነገሩን እንደ ችግር አይቆጥረውም፤ አምስት ዓመት ከሞላቸው 100 ልጆች መካከልም 15 ያህሉ ሌሊት ይሸናሉ። አንደኛው ወላጅ በልጅነቱ ይሸና ከነበረ ልጁም የመሽናቱ ዕድል ከ40 በመቶ ይበልጣል፤ ሁለቱም ከነበሩ ከ70 በመቶ ያልፋል። (ልጁን የሚገርፍ አባት ይህን ስነግረው ለጊዜው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።) ለይቶ መታየት ያለበት፣ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ደርቆ ቆይቶ እንደገና የጀመረው ልጅ ነው። እዚህ ላይ ቤት ውስጥ ምን ተለወጠ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ጠብ፣ ስደት፣ አዲስ ሕፃን፣ የሚያስፈራ መምህር። ሐኪምም ይየው፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና የሆድ ድርቀት ያመጡታል። ብዙ ውኃ የሚጠማውና የሚከሳ ከሆነ ደግሞ የስኳር በሽታ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይወሰድ።

አዲስ ሕፃን ካልኩ አይቀር፣ ለአራስ ጥየቃ መጥተው ታላቁን «እንግዲህ ተረሳህ! እናትህን ተቀማህ!» እያሉ የሚስቁ ዘመዶችን በትሕትና ማስቆም የአባት ሥራ ነው። ልጁ ቀልድ መሆኑን አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት የሚመጣ የሆድ ቁርጠትስ? ቅዳሜና እሑድ የለም፤ የትምህርት ቤቱ መኪና ጥሩንባ ሲሰማ ይጀምራል። «ውሸታም!» ማለት አንደኛው ስህተት ነው፤ ጭንቀት ሆድን በእውነት ያማል። ሁለተኛው ስህተት የሚመጣው ከርኅራኄ ነው፤ «በቃ ዛሬ ቅር» ማለት። አንድ ቀን የቀረ ልጅ በማግስቱ መሄዱ ይብስ ይከብደዋል፤ ሳምንት ከቀረ ትምህርት ቤቱ በሐሳቡ ውስጥ ጭራቅ ይሆናል። ሐኪም አይቶ ሕመም ከሌለው ይሂድ፤ በዚያው ቀን ግን አንድ አዋቂ ምክንያቱን ይፈልግ። ከማን ጋር ይቀመጣል? በዕረፍት ሰዓት ከማን ጋር ይበላል? ሽንት ቤቱን ይፈራዋል? አንዳንዴ መልሱ ዱላ የያዘ መምህር ነው። በትምህርት ቤት የአካል ቅጣትን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ከልክሎታል፤ ወላጅ ይህን ይዞ ርዕሰ መምህሩ ፊት መቅረብ ይችላል።

በጅብና በጭራቅ ማስፈራራት ብዙ አላወራበትም። ማታ ብቻውን ሽንት ቤት እንዳይሄድ ያደረግነው እኛው ነን፤ ከዚያ ፈሪ ነው ብለን እንሰድበዋለን።

«ጨዋ ልጅ» የሚለው ምስጋና ግን ያሳስበኛል። የሚሰብረውና የሚጮኸው ልጅ ወደ ቢሮዬ በማግስቱ ይመጣል፤ ጥግ ይዞ የሚቀመጠው በዓመቱ። ድሮ ተጫዋች የነበረ ልጅ ድንገት ጨዋ ከሆነ ምስጋና ሳይሆን ጥያቄ ያስፈልገዋል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ካሉ ወላጆቹ ጋር ከዓመታት በኋላ የተገናኘ ልጅም እንዲሁ ነው። አባቱን አየር ማረፊያ ሲያይ እንደ እንግዳ እጁን ይዘረጋለታል፤ ቤተሰቡ «ሥርዓት ያለው» ይለዋል። ያሳደጉትን አያት ትቶ መጥቷል፤ ደስ ይበልህ ከመባሉ በፊት አያቱ ይናፍቁት ዘንድ ይፈቀድለት።

«ሲያድግ ይተወዋል» ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። ባለሙያዎች የመላመድ ችግር የሚሉት፣ ለውጡ ከደረሰ በሦስት ወር ውስጥ ጀምሮ፣ ምክንያቱ ከተወገደ በኋላ ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ የሚያልፍ ነው። ከዚያ ከዘለቀ፣ ወይም ምግብ ከዘጋ፣ የሚያውቀውን ነገር ከረሳ ወደ ባለሙያ ይሂድ። «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ግን አንድ ቀንም አይጠበቅም። አዲስ አበባ ላይ «አማኑኤል» የሚለው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስም ራሱ ወላጅን ስለሚያስደነግጥ፣ መጀመሪያ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ መሄድ ይቻላል። ጠበል የሚወስዱ አሉ፤ ይውሰዱ፤ ሐኪሙንም አይተዉ።

ባለሙያ ጋር ስትሄዱ ደብተር ያዙ። «ልጄ ተለውጧል» ከሚል ቃል ይልቅ ቀንና ሁኔታ ይረዳናል። የዚያ ልጅ አያት መጻፍ ስለማይችሉ ለጎረቤት ልጅ እየነገሩ ያስጻፉት ነበር። ከእናትየው ጋር ተነጋግረን፣ ለምን እንደሄደች ራሷ ነግራው፣ በየእሑዱ መደወል ከጀመረች በኋላ ይዘውልኝ መጡ። በእርሳስ እንዲህ ይላል፦ «ሰኞ በሩ ሥር። ማክሰኞ በሩ ሥር። እሑድ ደወለች፣ በጣም አለቀሰ። እሑድ ሌሊት አልጋው ላይ። ሰኞ በሩ ሥር። ማክሰኞ አልጋው ላይ።»